ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ስለ መኪና የኋላ መስታወት መጥረጊያ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርዕሳችን የአሮጌ መኪና የኋላ መስታወት መጥረጊያ ነው። በተለይም መጥረጊያውን ስለሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ስለሚበላሽበት ምክንያትና በደጃፋችን ልንጠግነው ስለምንችልበት መንገድ እንነጋገራለን።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ስንት ትልቅ ጉዳይ እያለ ስለ መጥረጊያ ለምን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው የልጆቻችን ደህንነት ነው። አዲስ ገቢ ቤተሰብ መኪና ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ያገለገለ፣ ትንሽ፣ የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከኋላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ በሚሄድበት ጊዜ ነፋሱ ከበስተኋላው ይሽከረከርና ጎማው የሚረጨውን ውሃና ጭቃ አንሥቶ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። መጥረጊያው ከቆመ ሹፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም። የምንኖረው ደግሞ ልጆች በሚጫወቱባቸው ሰፈሮች፣ በሕንፃዎች ሥር ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች አጠገብ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ልጅ ኮፍያውን ደፍቶ ይሮጣል እንጂ መኪና አያይም። ሹፌሩም በጭቃ በተሸፈነ መስታወት ወደ ኋላ ሲነዳ ልጁን አያይም። ሁለቱ ሳይተያዩ ቢገናኙ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የቆመ መጥረጊያ ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ያስፈልጋል» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ሆኖ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የላላ ዳዶ ነው ችግሩ። በእነዚህ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት ቀለብ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል? ለምንስ ይቆማል?

ሞተሩ ያለው በኋላ በሩ ውስጥ፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ በስተጀርባ ነው። ከመኪናው ባትሪ 12 ቮልት ያገኛል። በራሱ በጣም ፈጣን ስለሆነ በውስጡ ያሉ የጥርስ ጎማዎች ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ይጨምራሉ፤ አንዲት ትንሽ ክንድ ደግሞ ዙሪቱን ወደ ግራና ቀኝ መመላለስ ትለውጠዋለች። ከዚያም አንድ የብረት ዘንግ በሩን ወይም መስታወቱን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የመጥረጊያው እጅ የሚታሰረው በዚህ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። በውስጡ አንድ ሌላ ብልሃት አለ። ማብሪያውን ስታጠፉ መጥረጊያው መሐል ላይ አይቆምም፤ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ነው የሚቆመው። ይህን የሚያደርገው በሞተሩ ውስጥ ያለ የመዳብ መገናኛ ነው። መጥረጊያችሁ በመስታወቱ መሐል የሚቆም ከሆነ ይህን መገናኛ ጠርጥሩ።

አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን የሚጎዳው ይህ ወደ ውጭ የሚወጣው ዘንግ ነው። በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል ጎሚኒ አለ። ጎሚኒው በፀሐይ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውሃ ሰርጎ ይገባል፤ ግሪሱ ይጠነክራል፤ ዘንጉ ዝጎ ከማቀፊያው ጋር ይጣበቃል። ከመካከላችሁ በጎንደር ገጠር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቀጥ ያየ፣ ራሱም ወናፍ የነፋ ይኖራል። እርጥበት አግኝቶ ሳይነካ የተቀመጠ ብረት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ዝገት እዚያም እዚህም ዝገት ነው።

የእስራኤል አየር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። እኛ በአገር ቤት ክረምት የምንለው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ደረቅና ሞቃት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የብርድ ወራት ነው። የኋላ መጥረጊያ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይነቃነቅ አቧራና ፀሐይ ይጠጣል። ከዚያም ዮሬ የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሹፌሩ ማብሪያውን ይጫናል፤ ሞተሩ ግን ይቃትታል እንጂ አይዞርም።

በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 መሸጥ በጀመረው በአራተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ላይ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚያልፈው ክፍት በሆነው በዚሁ ዘንግ ውስጥ ነው። የውስጡ ጎሚኒ ሲያረጅ የማጠቢያው ውሃ ራሱ ወደ ሞተሩ ይገባል። ማጠቢያውን ስትጫኑ ውሃው በመስታወቱ ላይ በመርጨት ፈንታ ከበሩ ሽፋን ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ሞተሩ ገና ቢሠራም እንኳ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቶሎ ክፈቱት።

ምክንያቱን በተራ መፈለግ

ቅደም ተከተሉ ቀላል ከሆነውና ምንም ከማያስወጣው ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

አንደኛ፣ አድምጡ። መስታወቱን በውሃ አርጥቡ፤ የመኪናውን ቁልፍ አዙራችሁ የኋላ መጥረጊያውን አብሩ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጆሮውን ወደ በሩ ያስጠጋ። በአንዳንድ መኪና የኋላ በሩ ክፍት ከሆነ መጥረጊያው ስለማይሠራ በሩን ዝጉ። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ እጁ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዳዶው ላልቷል ወይም የዘንጉ ጥርስ ተበልቷል። ከዳዶው ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አንሥታችሁ አጥብቁት፤ ሥራው ያለቀው እዚያው ሊሆን ይችላል። ድምፅ ካለ ነገር ግን ምንም የማይዞር ከሆነ ዘንጉ ተጣብቋል። ፍጹም ጸጥታ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መድረሱን ማጣራት አለባችሁ።

ሁለተኛ፣ ፊውዙን እዩ። የትኛው ፊውዝ የኋላ መጥረጊያው እንደሆነ በመኪናው መጽሐፍ ወይም በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተሥሎ ይገኛል። ነቅላችሁ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፤ በውስጡ ያለችው ክር ከተቆረጠች ተቃጥሏል። የምትተኩት በዚያው ቁጥር ብቻ ነው። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሞተሩ ተጣብቋል ወይም ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው። ከፍ ያለ ቁጥር አታስገቡ፤ ፎይልም አትጠቅልሉበት። ፊውዝ ራሱ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነው።

ሦስተኛ፣ የሽቦዎቹን መተላለፊያ መርምሩ። የኋላ በሩን ስትከፍቱ በበሩና በመኪናው ጣሪያ መካከል እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ወፍራም ጎማ ታያላችሁ። ወደ በሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁሉ የሚያልፉት በዚያ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ ይታጠፋሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ይቆረጣሉ። በአሮጌ መኪና ላይ ይህ በጣም የተለመደ ብልሽት ነው። ምልክትም አለው። ከመጥረጊያው ጋር የታርጋው መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው ወይም የበሩ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ አብሮ ካስቸገረ ሞተሩን ተዉት፤ ጎማውን ከአንድ ጫፉ በእርጋታ አውጥታችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጉ። የተቆረጠው ራሱን ያሳያል። ባትሪውን ከፈታችሁ በኋላ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሽቦ ቀጥሉበት፣ በሊድ በይዱት፣ ሲሞቅ የሚሰበሰብ የፕላስቲክ ቱቦም አልብሱት። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ወር ነው፤ በሩ ሲታጠፍ ተመልሶ ይላቀቃል።

አራተኛ፣ በሞተሩ ሶኬት ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን ፈትኑ። ለዚህ ርካሽ የሆነ የ12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል ይበቃል። የአምፖሉን መቆንጠጫ በንጹሕ የመኪናው ብረት ላይ አስሩ፤ መጥረጊያውን አብርታችሁ የሶኬቱን ቀዳዳዎች በመርፌው ንኩ። በመኪናው አካል በኩል የሚመለሰው ኔጌቲቭ መስመርም መኖር አለበት፤ መቆንጠጫውን ከባትሪው ፖዘቲቭ በመጣ ሽቦ ላይ አስራችሁ ኔጌቲቩን ስትነኩ አምፖሉ ከበራ ደህና ነው። ኤሌክትሪክም ኔጌቲቭም ደርሶ ሞተሩ ካልሠራ፣ አሁን ያለ ጥርጥር ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው።

አውጥቶ መጠገን

ከመጀመራችሁ በፊት ቁልፉን አውጡ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ መስመር ፍቱ። አንዳንድ ሬዲዮ ባትሪ ተፈትቶ ሲታሰር የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃልና ቁጥሩን አስቀድማችሁ ያዙ። በአሮጌ መኪና ላይ በሩን ደግፎ የሚያቆመው የአየር ምሰሶ ይደክማል፤ ከሥሩ ስትሠሩ በራሳችሁ ላይ እንዳይወድቅ ጠንካራ እንጨት ደግፉበት። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች የ10 እና የ13 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይትና ነጭ የሊቲየም ግሪስ ናቸው።

መጥረጊያው የሚያርፍበትን ቦታ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ዳዶውን ፈትታችሁ እጁን ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ንቀሉት። እምቢ ካለ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ወይም ባለሁለት እግር ትንሽ መንቀያ ተጠቀሙ። ካቻቢቴ ከመስታወቱ ጋር አስደግፋችሁ አትፈንቅሉ። የኋላ መስታወት አንድ ቦታ ሲነካ በአንድ ጊዜ ደቅቆ የሚረግፍ ዓይነት ነውና መጥረጊያ ስትፈልጉ መስታወት ታጣላችሁ።

የበሩ የውስጥ ሽፋን በብሎኖችና በፕላስቲክ መቆንጠጫዎች የተያዘ ነው። ብሎኖቹ በእጀታው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቀው ሊሆን ይችላል። መቆንጠጫዎቹ በብርድ ጊዜ ስለሚሰበሩ ሥራውን ፀሐይ ባለበት ቀን ሥሩ። ሽፋኑ ሲወርድ ሞተሩ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ በሦስት ብሎን ወይም ዳዶ የታሰረ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሶኬቱን ምላሷን ተጭናችሁ አውጡ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። የውሃ ቱቦ ካለውም በጥንቃቄ ንቀሉት። የፈታችሁትን ሁሉ በተራው በሳህን ላይ አስቀምጡ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ የጠፋች አንዲት ሮንዴላ ግማሽ ቀን ታስፈልጋለች።

አሁን ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ የጥርስ ጎማውን ክዳን ክፈቱ። ክዳኑ በብሎን ከታሰረ ይከፈታል፤ በሪቬት የተዘጋ ከሆነ ለጀማሪ አይመከርም፤ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ይሻላል። ከፍታችሁ የዘንጉን ክንድ ከጥርስ ጎማው አላቅቁ። በዘንጉ ላይ ያለችውን የሽቦ ቀለበትና ሮንዴላዎቹን አውጡ፤ የነበሩበትን ቅደም ተከተልም ፎቶ አንሡ። ከዚያ ዘንጉን በእጃችሁ ለማዞር ሞክሩ። ደህና ዘንግ በሁለት ጣት ይዞራል። የማይዞር ከሆነ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ዳዶውን በጫፉ ላይ መልሳችሁ እንጨት ደግፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ዘንጉን በራሱ በብረት መዶሻ ከመታችሁት ጥርሱ ይጠፈጠፍና ከማቀፊያው አይወጣም።

ዘንጉ ሲወጣ ዝገቱን በ600 ቁጥር፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። የማቀፊያውንም ቀዳዳ ወረቀቱን በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ጥረጉ። ሁሉንም ከብናኝ አጽድታችሁ አድርቁ። ያረጀውን ክብ ጎሚኒ በአዲስ ተኩ፤ ይህች ከሁሉ ርካሿ ዕቃ ናት፤ እሷን ሳይተኩ መግጠም ግን ሥራውን ለሚቀጥለው ዝናብ ማስተላለፍ ነው። ዘንጉን ግሪስ ቀብታችሁ መልሱ። የጥርስ ጎማዎቹንም ደረቅ ግሪስ አውጥታችሁ አዲስ አድርጉ፤ የመዳብ መገናኛው ላይ ግን ግሪስ አታብዙ፤ ጥቁረቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የምግብ ዘይት በፍጹም አትጠቀሙ፤ ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይሆናል። ዝገት የሚያላቅቀው ቀጭን ዘይትም ለማላቀቅ እንጂ ለዘለቄታው ለማለስለስ አይሆንም።

ዘንጉ ደህና ሆኖ ሞተሩ የማይሠራ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት የካርቦን ቁራጮች አልቀው ሊሆን ይችላል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። ይህን ያለ ሥዕል በግምት ከባትሪ ጋር ማገናኘት ደህናውን ማቃጠል ነው። እዚህ ላይ ስትደርሱ ለባለሙያ መስጠት ወይም ሞተሩን መቀየር ብልህነት ነው።

ሲገጠም

ሞተሩን በቦታው አስራችሁ፣ ሶኬቱን ሰክታችሁ፣ ባትሪውን መልሳችሁ፣ የመጥረጊያውን እጅ ሳታስሩ አብሩት። ጥቂት ዞሮ ስታጠፉት በማረፊያው ላይ ይቆማል። እጁን የምታስሩት ከዚህ በኋላ፣ ባደረጋችሁት ምልክት ልክ ነው። አስቀድማችሁ ካሰራችሁት መጥረጊያው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሄዶ ከበሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የውስጡን ሽፋን ከመዝጋታችሁ በፊት በዘንጉ ዙሪያ ከውጭ በኩል በጆግ ውሃ አፍስሱ፤ በውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ ከታየ ጎሚኒውን አስተካክሉ።

ከዚያ በኋላ ጤንነቱን መጠበቅ ቀላል ነው። በበጋም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃ ጋር አሠሩት። በደረቅና አቧራማ መስታወት ላይ አታስነሡት፤ ጎማው ይበላል፣ ሞተሩም ይጨነቃል። የመጥረጊያው ጎማ ሲሰነጠቅ ለውጡት። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በጥቅምት አካባቢ መጥረጊያዎቹን፣ መብራቶቹንና ጎማዎቹን አንድ ላይ እዩ። በእስራኤል ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ከከተማ ውጭ ባሉ መንገዶች ላይ ቀንም ቢሆን መብራት አብርቶ መንዳት ግዴታ መሆኑንም አትርሱ። መጥረጊያው እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት መስታወቱን በእጃችሁ ጥረጉ፣ መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት፣ ከኋላ ልጅ አለመኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ወደ ጋራዥ ስንሄድ

ሁሉም ሰው መፍታትና መግጠም አይጠበቅበትም። ነገር ግን ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በጋራዥ ውስጥ አነጋገሩ የተለየ ነው። «መኪናው ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ «ፊውዙ ደህና ነው፣ ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፣ ነገር ግን አይዞርም» ያለ ሰው የሚሰጠው መልስም እንደዚያው ነው። ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት ያዙ። መጥረጊያ ማጋቭ ይባላል፤ የኋላው ማጋቭ አሖሪ ነው። ሞተሩን መኖዓ ይሉታል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሐሽማላይ ሬኼቭ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ብልሽት ከተራ መካኒክ ይልቅ እሱ ይመረጣል። «ሀማጋቭ ሀአሖሪ ሎ ኦቬድ» ማለት የኋላ መጥረጊያው አይሠራም ማለት ነው። ሐጻዓት ሜሒር ማለት ደግሞ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ጠይቁት። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁና እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ሞተሩ በእርግጥ የሞተ ከሆነ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ዕቃ ከሚሸጡ ቦታዎች መፈለግ ይቻላል፤ ፒሩክ የሚሉት ይህንን ነው። የራሳችሁን ሞተር ይዛችሁ ሂዱ፤ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር፣ የሶኬቱን ቅርጽና የብሎን ቀዳዳዎቹን አስተያዩ፤ ከመክፈላችሁም በፊት በባትሪ እንዲያሠሩላችሁ ጠይቁ።

ለእህቶችና ለእናቶች አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ወደ ሥራ የምትሄዱት፣ ልጆች የምታደርሱት ራሳችሁ እየነዳችሁ ነው። ጋራዥ ስትገቡ ግን ሠራተኛው ለባላችሁ ወይም ለልጃችሁ ሊያስረዳ ይፈልጋል። የመኪና መስታወት መጥረጊያ በእጅ የሚሠራ መሣሪያ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን በስሟ ያስመዘገበችው ሜሪ አንደርሰን የተባለች ሴት ናት። ስለዚህ በዚህ ዕቃ ጉዳይ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ፊውዝ ማየት፣ ማድመጥ፣ ዳዶ ማጥበቅ ከወጥ ቤት ሥራ አይከብድም።

ወገኖቼ፣ በአዲስ አገር ስንኖር ሁሉም ነገር በሌላ ሰው እጅ ያለ ይመስለናል። ወረቀቱም፣ ቋንቋውም፣ ማሽኑም። ነገር ግን የተበላሸ ነገርን በተራ መመርመር ቋንቋ አይጠይቅም። ማድመጥ፣ ማየት፣ ከቀላሉ መጀመር፣ ካልገባ መጠየቅ ይበቃል። ይህን ዛሬ በመጥረጊያ የለመደ ሰው ነገ በቤቱ ውሃ ማሞቂያ፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በደረሰውም ደረሰኝ ላይ ይጠቀምበታል። ከእናንተ መካከል አንዱ በዚህ ሳምንት የጎረቤቱን የተቆረጠ ሽቦ ቢያገኝ፣ ንግግሬ ዋጋውን አግኝቷል።

መጪው ዝናብ የበረከት ይሁንላችሁ።